የነርሷ እግርም ሐቅ አለው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ውድ እህትና ወንድሞች፣ ከጀመዓችን መካከል የነርሲንግ ተማሪዎች አሉ። ከሆስፒታል ልምምድ ሲመለሱ «እግራችን አበጠ» ይሉናል፤ እኛም «ሶብር አድርጉ» ብለን እናልፋለን። ዛሬ ይህን መልሳችንን እንመርምረው።

ደም ወደ እግር የሚወርደው በደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመለሰው በደም መልስ ነው። መመለሱ ዳገት ነው። ዝም ብለን ስንቆም ከልብ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው ደም ክብደቱ ታች ያርፋል፤ በዚያ ያለው ግፊት ወደ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። ስንራመድ የባት ጡንቻ እንደ ፓምፕ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል፤ በሥሩ ውስጥ ያሉት ቫልቮችም ተመልሶ እንዳይወርድ ይይዙታል። ያኔ ግፊቱ በጤነኛ ሰው ወደ 30 ገደማ ይወርዳል። ኢንጂነሪንግ የምንማር እንደምናውቀው፣ ቫልቩ ካፈሰሰ ፓምፑ ብቻውን አይበቃም። ቫልቮቹ ሲዳከሙ ደም ይጠራቀማል፤ ሥሩ ይለጠጣል፣ ይጠማዘዛል። ቫሪኮስ የምንለው ይህ ነው። የቤተሰብ ውርስ፣ እርግዝናና ውፍረት ለዚህ ያጋልጣሉ፤ ለረጅም ሰዓት መቆምም እንዲሁ።

ጉዳቱ መልክ ላይ ብቻ አይቀርም። ማታ እግሯ የሚከብዳት፣ ሌሊት ባቷን የሚይዛት ነርስ እንቅልፏ ይጎድላል፤ ዚያራውና ደርሱ ይቀርባታል፤ በማግስቱም ሕመምተኛ የምትረዳው በዚያው ድካም ነው። ችላ ከተባለ በቁርጭምጭሚት አካባቢ ቆዳው ይጠቁራል፤ ቶሎ የማይድን ቁስል ሊወጣም ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. በቆምንበት ተረከዛችንን ደጋግመን እናንሳ፤ ባገኘነው አጋጣሚ እንራመድ።
2. ከፈረቃ ስንመለስ ተጋድመን እግራችንን ከልባችን ከፍ አድርገን እናሳርፍ።
3. እግር የሚጨምቅ ካልሲ ይረዳል፤ ለሁሉም ስለማይሆን ግን አስቀድመን ሐኪም እናማክር።
4. አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ካመመና ከሞቀ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና እንሂድ።
5. አብረን ተረኛ የሆንን፣ እህታችን ሰግዳ ጥቂት እንድትቀመጥ ቦታዋን እንሸፍንላት።

ሶላት የምንሰግደው ለአላህ ብለን እንጂ ለደም ሥር ሕክምና አይደለም። ሰውነታችን ግን አማና ነው፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) በእኛ ላይ ሐቅ እንዳለው አስተምረውናል። ሶብር ማለት ሰበብ ማድረስን መተው አይደለም። ከእንግዲህ «እግሬ አበጠ» ስንባል መጀመሪያ ወንበር እናቅርብ።

አላህ ለታመሙት ሺፋ፣ ለሚያስታምሙት ኸይር ጀዛ ይስጥልን። አሚን።