ልጅን በአደራ ሊሰጡ የሚመጡ ወላጆችን ስለ መቀበል

የንግድ ሥራ ሁሉ መሠረቱ መታመን ነው። ጨው የሚሸጥ ሰው ሚዛን ቢያጎድል የገዢው ጉዳት ጥቂት ብር ነው፤ የሰው ልጅ በአደራ ተቀብሎ የሚያውል ሰው አደራውን ቢያጎድል ግን የሚደርሰው ጉዳት በገንዘብ የሚተካ አይደለም። ስለዚህ በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሚቋቋም የሕፃናት ማቆያ፥ ካፒታሉ አነስተኛ ቢሆንም፥ የሚጠይቀው እምነት ከትልቁ የንግድ ድርጅት የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አይደለም። ይህ ትምህርት የሚጠቅመው ለማቆያ ባለቤቶች ብቻ ሳይሆን፥ ሴቶች ሠራተኞችን ለሚያሠሩ አስመጪዎችና ላኪዎች፥ እንዲሁም ራሳቸው እናቶች ለሆኑ ባለሱቆች ጭምር ነው።

የማቆያ አስፈላጊነት

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፥ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀኖች ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣታል። ሦስቱ ወር ሲያልቅ ሕፃኑ ገና የእናት ጡት ብቻ በሚፈልግበት ዕድሜ ላይ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በቀር ሌላ እንዳይሰጠው ነውና። አያት በቅርብ የሌለቻት፥ ታማኝ ሞግዚትም ያላገኘች እናት በዚህ ጊዜ ወይ ሥራዋን መተው ወይም ልጇን ለማታውቀው ሰው መስጠት ይሆንባታል። ሥራዋን ብትተው የሚጎድለው የእርሷ ቤት ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡን ጠንቅቃ የምታውቅ ገንዘብ ያዥ፥ ደንበኞቹን በየስማቸው የምትጠራ ሻጭ የሚያጣው ሱቅም አብሮ ይጎዳል።

የድሬዳዋ ከተማ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ የተቆረቆረች ናት። ከደቻቱ ወንዝ በስተምዕራብ ያለው ከዚራ በባቡር ኩባንያው ፕላን የተመሠረተ ሰፈር ስለሆነ ጎዳናዎቹ ቀጥ ያሉ፥ ዛፎቹ ጥላ የሚሰጡ፥ የቆዩት ቤቶችም ግቢ ያላቸው ናቸው። ለሕፃናት መዋያ የሚስማማ ሰፈር ነው። ይሁን እንጂ ጥላና ግቢ ብቻውን የእናትን ልብ አያሳርፍም፤ ልቧ የሚያርፈው ለጉብኝት በመጣች ቀን በምታየውና በምትሰማው ነገር ነው።

ጉብኝት ናሙና ነው

አስመጪ ነጋዴ በናሙና አይቶ ዕቃ ያዝዛል። የመጣለት ዕቃ ከናሙናው ያነሰ ከሆነ ከዚያ ቤት ሁለተኛ አያዝዝም፤ ለወዳጆቹም ይናገራል። የወላጆች ጉብኝትም እንደዚሁ የናሙና ቀን ነው። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ሕፃናቱ የዓመት በዓል ልብስ ለብሰው በተርታ ቢቀመጡ፥ ሌላ ጊዜ የማይታይ መጫወቻ ከቁም ሣጥን ቢወጣ፥ ወላጆቹ ያዩት በዓሉን እንጂ የሥራ ቀኑን አይደለም። በሳምንቱ እናቲቱ ሳታስታውቅ ብትመጣና ሌላ ቤት ብታገኝ፥ ልጇን ይዛ ትሄዳለች። ስለዚህ ቤቱ ዘወትር በሚውልበት ሁኔታ ይታይ። የሚያለቅስ ሕፃን ቢኖር አያሳፍርም፤ እንዲያውም ሞግዚቷ እንዴት አድርጋ እንደምታባብለው ማየት ለወላጅ ከብዙ ንግግር የበለጠ ማስረጃ ነው።

ለእንግዳ ቡና ማፍላት የአገር ወግ ነው። ነገር ግን ፍም የያዘ ምድጃና የሚንተከተክ ጀበና በሚድሁ ሕፃናት መካከል ከተቀመጠ፥ አስተዋይ እናት ቡናውን ብትጠጣም ዓይኗ ከምድጃው አይነሣም። ቡናው ሕፃናት በማይደርሱበት ክፍል ተፈልቶ በፔርሙዝ ቢቀርብ ወጉም አይጓደልም፥ አደጋም አይፈራም። በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ሊቀርብ የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ባለቤቲቱ እንግዶቹን ስታነጋግር ሕፃናቱን የሚጠብቅ ሌላ ሰው መኖር አለበት፤ ሕፃናቱን ትታ እንግዳ የምታስተናግድ ከሆነ፥ ነገ የእርሱም ልጅ እንዲሁ እንደሚተው ወላጁ ያውቃል።

ከወላጆቹ ጋር የመጣው ሕፃንም እንግዳ ነው። ከእናቱ እቅፍ ቀምቶ መሳም ፍቅር ቢመስልም ሕፃኑን ያስደነግጣል። ዝቅ ብሎ በስሙ ጠርቶ፥ መጫወቻ አሳይቶ፥ ራሱ እስኪቀርብ መታገሥ ይሻላል።

ስለ ሰዓቱ

የድሬዳዋ ሱቆች በቀትር ሙቀት ተዘግተው አየሩ ሲበርድ እንደገና ይከፈታሉ። ነጋዴ ወላጅ ጊዜ የሚያገኘው በቀትር ቢሆንም፥ ያ ሰዓት ሕፃናት የሚተኙበት ነው። በቀትር የሚመጣ እንግዳ የመኝታውን ክፍል በዝምታ አይቶ፥ የአየሩን ነፋሻነት መርምሮ ይመለስ፤ ሌላ ቀን ጧት ሕፃናቱ ሲጫወቱና ሲመገቡ መጥቶ እንዲያይ ይጋበዝ። ሁለት ጊዜ እንዲመጣ የጋበዘ ቤት የሚሸሽገው ነገር እንደሌለው ያስመሰክራል።

ሳይጠየቁ ሊነገሩ የሚገባቸው ነገሮች

«ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው፥ ወላጅ የሚፈርደው ከመልሱ አሰጣጥ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ነጥቦች ወላጁ ሳይጠይቅ ቢነገሩት ይበጃል።

1ኛ/ ስለ ውሃና ትንኝ። በከተማው በ2006 ዓ.ም. የዴንጊ፥ በ2011 ዓ.ም. የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። እነዚህን በሽታዎች የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በየቤቱ በሚጠራቀም ውሃ ውስጥ ነው፤ የምትናደፈውም በቀን ስለሆነ የሌሊት አጎበር ብቻ አይበቃም። በርሜሉና ጀሪካኑ መከደናቸውን፥ ሕፃናት ቀን ሲተኙም አጎበር መዘርጋቱን ማሳየት ያስፈልጋል።

2ኛ/ ስለ ምግብ። በድሬዳዋ የክርስቲያኑና የእስላሙ ልጅ በአንድ ቤት ይውላል። ሥጋ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም፥ ከቤት የመጣው ምግብ ለየብቻ ይቀመጣል ወይስ አይቀመጥም፥ የታለበው የእናት ጡት ወተት የት ይቆያል የሚለው በግልጽ ይነገር።

3ኛ/ ስለ ቋንቋ። አንዱ ሕፃን በሶማልኛ፥ ሌላው በኦሮምኛ፥ ሌላው በአማርኛ ወይም በሐረሪ አፉን ይፈታል። ሕፃኑ ውሃ ሲጠማው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ወላጆቹን ጠይቆ መመዝገብ ትንሽ ሥራ ነው፤ ለእናቲቱ የሚሰጠው ዕረፍት ግን ትልቅ ነው።

4ኛ/ ስለ መዘግየት። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ቢሆንም፥ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በመጋላ በኩል፥ በከፊራ ገበያ የምትሠራ እናት ጎርፍ መንገድ ቢዘጋባት ልጇን እስከ ስንት ሰዓት ማን እንደሚጠብቅላት፥ ከወላጆቹ በቀር ለማን ተላልፎ ሊሰጥ እንደሚችል አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን።

5ኛ/ ስለ ሕመም። ሕፃኑ ቢያተኩሰው ማን እንደሚጠራ፥ ወደ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚወሰድ፥ የታመመ ልጅ በስንተኛው ቀን ወደ ማቆያው እንደሚመለስ ይገለጽ።

6ኛ/ ስለ ዋጋ። ወርኃዊው ክፍያና ለሚያመሹ የሚጨመረው ሒሳብ አንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይሰጥ፤ ፈቃዱ ይታይ፤ ለተከፈለው ሁሉ ደረሰኝ ይቈረጥ። ዋጋውን ከንግግሩ መጨረሻ ላይ አንሾካሹኮ መናገር ጥርጣሬን ያመጣል።

ቦታ የለም ማለትም መስተንግዶ ነው

በጣም የሚያስቸግረው ጊዜ ማቆያው ሞልቶ ሳለ እናት መጥታ ስትለምን ነው። ለምሳሌ ያህል አንዲት ባለቤት ከአንዲት ረዳት ጋር ልትጠብቅ የምትችላቸውን ሕፃናት ተቀብላ ጨርሳለች እንበል። ፈቃዷ በሚቀጥለው ሰኞ የሚያልቅ እናት የአራት ወር ልጅ ይዛ ብትመጣ፥ ተጨማሪው ክፍያም የወሩን የቤት ኪራይ የሚሸፍን ቢሆን፥ እሺ ማለት ርኅራኄም ትርፍም ይመስላል። ነገር ግን እሺታው የሚከፈለው ቀድሞ ከገቡት ሕፃናት ጥበቃ ተቀንሶ ነው፤ ይህም የተሸጠን ዕቃ ለሁለተኛ ገዢ እንደ መሸጥ ያለ ነው። ቦታ የሚገኝበትን ጊዜ በእርግጥ መንገር፥ ስሟን በተራ መመዝገብ፥ የታመነ ሌላ ማቆያ ካለ መንገዱን ማሳየት ይገባል። ጎረቤት ማቆያን ማንቋሸሽና ስለ ሌሎች ሕፃናት ቤት ማውራት ግን ነውር ነው፤ የሰማችው እናት ነገ የእርሷም ቤት እንዲሁ እንደሚወራ ትገነዘባለች።

ከጉብኝቱ በኋላ

ወላጆቹ በመጡበት ቀን ቀብድ እንዲከፍሉ ማጣደፍ አይገባም። ቤታቸው ገብተው ባልና ሚስት ይመካከሩ። ከተስማሙ በመጀመሪያው ሳምንት እናቲቱ ወይም አባትየው ከልጁ ጋር ጥቂት ሰዓት እየተቀመጡ ቢያለማምዱት ለሁሉም ይቀላል። አሠሪዎችም በዚህ ረገድ ድርሻ አላቸው፤ ሠራተኛቸው ማቆያ ለመምረጥ የግማሽ ቀን ፈቃድ ብትጠይቅ ቢፈቅዱላት፥ ልጇን የት እንዳስቀመጠች በማታውቅ ሠራተኛ ሐሳብ መከፋፈል ከሚያጡት የሥራ ሰዓት እጅግ ያነሰ ዋጋ ይከፍላሉ።