ማጥቃት ግዴታ ሲሆን፦ «ጎድ» እና የተጫዋቾች ቁጥር

«ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» በተባለው የካርታ ጨዋታ «ጎድ» የሚለው ሕግ የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 «ኮንስፒራሲ ቴክ ዘ ክራውን» በተሰኘው ስብስብ ነው። ቃሉ የበሬ መንጃ መውጊያን ያመለክታል፤ ስያሜውም ሕጉን በሚገባ ይገልጸዋል። የተነዳ ፍጡር የነጂው ቀጣይ ተራ እስኪደርስ ድረስ በየፍልሚያው ማጥቃት፣ የሚቻል ከሆነም ከነጂው ሌላ ተጫዋች ማጥቃት አለበት።

ዘወትር አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው በ40 የሕይወት ነጥብ በሚጀምሩት «ኮማንደር» የነጂው ጥቅም ድርብ ነው። ፍጡሩ ወደ ሌሎች ይሄዳል፤ ያጠቃ ፍጡር ካርታው በአብዛኛው ስለሚጋደም ደግሞ ባለቤቱን መከላከል አይችልም። ከቀሩት ሁለቱ ማንን እንደሚመታ የሚመርጠው ግን ባለቤቱ ነውና ቂሙ የሚተርፈው ለእርሱ ነው። በእኔ ግምት የሕጉ ብልሃት እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው «የሚቻል ከሆነ» የሚለው ሐረግ ነው። ሁለት ተጫዋቾች ብቻ ሲቀሩ ሌላ የሚጠቃ ተጫዋች የለም፤ የማጥቃት ግዴታው ግን አይነሣም። «ሻይኒ ኢምፔተስ» የተባለውን ካርታ እንውሰድ፦ የተለጠፈበትን ፍጡር እስካልተነሣ ድረስ ያስገድዳል፤ በጉልበትም በጽናትም 2 ነጥብ ይጨምርለታል። ሦስተኛው ተጫዋች ከወደቀ በኋላ ያው ፍጡር፣ ያንኑ 2 ነጥብ እንደያዘ፣ ካርታውን ወደለጠፈው ሰው ይዞራል።