ስለ ነዳይና ስለ ምሳሌው

ቅኔ የተማረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሰምና ወርቅ የተባለው የቅኔ መንገድ ስሙን ያገኘው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው ሊሠራው ያሰበውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይቀርጸዋል፤ ሰሙንም በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው በደረቀ ጊዜ በእሳት ያሞቀዋል። ያን ጊዜ ሰሙ ቀልጦ በተተወለት ቀዳዳ ይወጣል፤ ሰሙ በለቀቀውም ስፍራ የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። ወርቁ ሲረጋ ጭቃው ይሰበራል። የሚታየውና የሚከብረው ወርቁ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሰሙ የሚጠይቅ የለም። ሊቃውንት አባቶቻችንም ከዚህ ነገር ምሳሌ ወስደው፣ በላይ የሚሰማውን ቃል ሰም፣ በውስጡ የተሰወረውን ምሥጢር ወርቅ ብለው ጠሩት።

ይህን የታወቀ ነገር መድገማችን ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ከዚሁ ከአንጥረኛው ሥራ የሚነሣ ነው፤ ይኸውም ባለቅኔና ጸሓፊ ቤት የሌለውን፣ በደጅ የወደቀውን ሰው በምሳሌ ሲናገርለት፣ ሰውየው ራሱ ምን ይሆናል? የሚል ነው።

ጥያቄውን ያመጣልን አንድ ተማሪ ነው። የብልባላ ልጅ ነው፤ ንባብና ዜማ፣ ጥቂትም ቅኔ በእኛ ዘንድ ከተማረ በኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ገብቶ ዛሬ በአዲስ አበባ ሥነ ጽሑፍ ያጠናል። እዚያ ሳለ ከባልንጀሮቹ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል እየሄደ በነጻ ያገለግል ጀመር። ይህን ቤት አንባቢዎቻችን በስሙ ያውቁታል። አቶ ቢንያም በለጠ በመንገድ የወደቁ ጥቂት ሰዎችን በመሰብሰብ የጀመሩት፣ ዛሬ ግን ብዙ ሺህ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያንና ሕሙማን የሚረዱበት ሥፍራ ነው። መርሑም ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው የሚል ነው። እንዲህ ያለ ቤት በቤተ ክርስቲያን ታሪክ አዲስ አይደለም፤ ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ለድኆች፣ ለመንገደኞችና ለሕሙማን ማረፊያ ቤት ማሠራቱ የታወቀ ነው።

ለተማሪው የደረሰው ሥራ አረጋውያኑን ማጠብ፣ ጥፍራቸውን መቊረጥና ልብሳቸውን መለወጥ ነበር። ለላስታ ልጅ ደግሞ እግር ማጠብ እንግዳ ሥራ አይደለም። በየዓመቱ ለገና በዓል፣ ይህም የቅዱስ ላሊበላ የልደት ቀን ነው፣ ከዋግ፣ ከትግራይ፣ ከጎንደር፣ ከሸዋ በእግሩ የሚመጣውን ተሳላሚ ሕዝባችን እግሩን አጥቦ፣ ያለውን አቅርቦ፣ ማደሪያ ሰጥቶ ይቀበለዋል። ከሰቆጣ በኩል የሚመጣው በእኛው በብልባላ በኩል ያልፋልና፣ ተማሪው ከሕፃንነቱ ጀምሮ የውኃ እንስራ ሲሸከም አድጓል። እንግዲህ እጁ ሥራውን ያውቅ ነበር።

ለገና ወደ አገሩ በመጣ ጊዜ አንድ ደብተር አሳየን። በመቄዶንያ ሁለት ወር ያህል ያገለገላቸውን አንድ ሽማግሌ እያሰበ የጻፈው ነው። በመጀመሪያው ገጽ ሽማግሌው የፈረሰ ቤተ መቅደስ ናቸው፤ በሁለተኛው ቅጠሉ የረገፈ ዋርካ ናቸው፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ ማንም ያልገለጠው ብራና ሆነዋል። በመጨረሻም ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ተጽፋለች፤ በእርስዋም ሽማግሌው ሰም፣ ክርስቶስ ወርቅ ሆነው ተመስለዋል። ቃሉ ያማረ ነው፤ ቤቱም አልተሰበረም። እኛም እንደ መምህርነታችን አመሰገንነው።

ከዚህ በኋላ፣ «ማን ይባላሉ?» አልነው።

«እነማን፣ የኔታ?»

«ያጠብሃቸው ሽማግሌ ናቸዋ።»

ልጁ ዝም አለ። ፊቱም ተለወጠ። ደብተሩን አጥፎ በጋቢው ውስጥ ከተተው፤ ደኅና ዋሉ ብሎም ሄደ።

እንደዚህ ያለው ጥያቄ ለመምህር ቀላል ነው፤ ለተማሪ ግን ከባድ ነው። ስለዚህም እኛ ራሳችን በዚሁ ነገር ከእርሱ የባስን መሆናችንን መናገር ይገባናል። በ1977 ዓ.ም. በወሎ ጽኑ ረኃብ በሆነ ጊዜ ገና ብላቴና የቅኔ ተማሪ ነበርን። ሕዝቡ ቤቱን እየዘጋ፣ በሬውን ሸጦ ወይም ሞቶበት፣ ወደ ኮረም ይጐርፍ ነበር። አንድ ቀን አንድ ጐልማሳ ሰው ሕፃን ተሸክሞ በተማሪ ቤታችን አጥር ጥግ ዐረፈ። ከአኩፋዳችን ቊራሽ ሰጠነው፤ ውኃም አጠጣነው፤ እርሱም ስሙንና አገሩን ነግሮን፣ ጥላው ሲዞር ተነሥቶ ሄደ። በዚያው ሳምንት ያን ሰው ከግብፅ ከወጡት እስራኤል ጋር አመሳስለን መወድስ ቈጠርን፤ መምህራችንም በጉባኤው ፊት አመሰገኑን። ቅኔው ዛሬም ከነዜማው በቃላችን አለ። የሰውየው ስም ግን ጠፍቶብናል። ብዙ ሌሊት ልናስታውሰው ሞክረን አልሆነልንም።

ሰሙ ቀልጦ የወጣው በዚህ ዓይነት ነው።

አማርኛችን ግን በዚህ ነገር ከባለቅኔዎቹ ይልቅ አስተዋይ ሆኖ እናገኘዋለን። ሕዝቡ ለማኙን የኔ ቢጤ ይለዋል። ይህ ስም ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን ለማኙን ከዋርካ ወይም ከፍርስራሽ ጋር የሚያመሳስል ምሳሌ አይደለም፤ ከሚናገረው ሰው ጋር የሚያስተካክል ነው። ሰጪው አፉን በከፈተ ቊጥር፣ ባያስተውለውም እንኳ፣ ይህ ሰው እኔን ይመስላል እያለ ይመሰክራል። መሽቶበት ማደሪያ የሚለምነውንም የእግዜር እንግዳ ይለዋል፤ የእግዜር እንግዳ በደጅ ቢቀር አፋሪው ባለቤቱ ነው። በየአገሩም ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እያዜሙ የሚለምኑትን ሰዎች ላሊበላ እያለ ይጠራቸዋል። የቅዱሱ ንጉሥ ስም ለለማኝ መጠሪያ መሆኑን እንደ ነውር የሚቈጥሩ አሉ፤ እኛ ግን ንጉሡ በዚህ የሚያፍር አይመስለንም።

የቆሎ ተማሪ የነበረ ሁሉ ይህን በሰውነቱ ያውቀዋል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ በእንተ ስማ ለማርያም ሲል የሚሰጡት ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ በበሩ ቀዳዳ እጁን ብቻ አውጥቶ ሙሉ እንጀራ ይሰጣል። ሌላዪቱ ግን ግማሽ እንጀራ ይዛ ትወጣና፣ «የማን ልጅ ነህ? አገርህ ወዴት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ሙሉው እንጀራ ያጠግባል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በ12 ዓመት ዕድሜያችን ከእናታችን ርቀን በምንለምንበት ወራት፣ ስማችንን የጠየቁንን ቤቶች ዛሬም አንድ በአንድ ልንቈጥራቸው እንችላለን።

ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት ስንመለስም ነገሩ እንዲሁ ነው። ጌታችን በብዙ ምሳሌ አስተማረ፤ ዘሪውን፣ እረኛውን፣ ገበሬውን ሁሉ ያለ ስም ጠቀሳቸው። በሉቃስ ወንጌል በ16ኛው ምዕራፍ የተነገረው ድኃ ግን አልዓዛር ተብሎ በስሙ ተጠርቷል። በደጅ የወደቀው፣ ውሾች ቊስሉን የላሱለት ሰው ስም ሲኖረው፣ ቀይ ሐር የለበሰው ባለጠጋ በወንጌሉ ስም የለውም፤ ነዌ የምንለው ከትውፊት ተቀብለን ነው። በዓለም ሥርዓት ባለጠጋው ይጠራል፣ ለማኙም ለማኝ ይባላል። ጌታ ይህን ገለበጠው።

ከዚህም የሚበልጠው በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ያለው ነው። በዚያ ጌታ፣ ለተራበው፣ ለተጠማው፣ ማደሪያ ላጣው የተደረገው ሁሉ ለራሱ መደረጉን ይናገራል። ተማሪያችን ጉባኤ ቃናውን የቈጠረው ከዚህ ቃል ተነሥቶ መሆኑ ግልጥ ነው፤ ሽማግሌው ሰም፣ ጌታ ወርቅ። ዳሩ ግን ጻድቃኑ በዚያ ስፍራ የሚመልሱትን ማስተዋል ያስፈልጋል። ይደነቃሉ፤ አንተን መቼ አየንህ? ብለው ይጠይቃሉ። እንግዲህ ወርቁን አላዩም ነበር ማለት ነው። የተራበውን ያበሉት ስለ ተራበ ነው፤ የታረዘውን ያለበሱት ስለ በረደው ነው። ሰውየውን እንደ መጋረጃ ከፍተው ከኋላው ያለውን ክብር ለማየት አልፈለጉም። ክብሩም ለእነርሱ የተገለጠው በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

ቅዱስ ዮሐንስ በአንጾኪያ ሳለ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጒም ሕዝቡን ስለዚህ ነገር አጥብቆ ገሥጿል። በቤተ መቅደስ ክርስቶስን በሐር እያከበሩ በውጭ በብርድ ሲሠቃይ ማለፍ ምን ይጠቅማል? ማዕዱ በወርቅ ጽዋ ተሞልቶ እርሱ በረኃብ ቢሞት ምን ትርፍ አለው? በማለት፣ አስቀድሞ የተራበውን ማጥገብ፣ በተረፈው ማዕዱን ማስጌጥ እንደሚገባ አስተማረ። ስለ ወርቅ እንዲህ የተናገረው አባት ስሙ አፈ ወርቅ መሆኑ ደስ ያሰኛል። እኛ ደግሞ በዚህ ላይ፣ በወርቅ ጽዋ ፈንታ የወርቅ ቅኔ ማቅረብም ከዚያው ተግሣጽ የማያመልጥ መሆኑን እንጨምራለን።

ታዲያ ስለ ነዳይ ቅኔ አይቈጠር ማለታችን ነውን? አይደለም። ቅኔ ከተከለከለ እኛ ራሳችን የምንበላው እንጀራ የለንም። ነገር ግን የቅኔ መንገድ ሰምና ወርቅ ብቻ አይደለም፤ ኅብር የሚባልም አለ። በኅብር አንድ ቃል ሁለት ነገር ይይዛል፤ አንዱ ለሌላው ሲል አይጠፋም። በብልባላ ጊዮርጊስ በድንጋዩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ንቦች ይኖራሉ፤ ሕዝቡም ማራቸውን ለድኅነት በእምነት ይቀምሰዋል። እዚያ ቆሞ «ማር» የሚል ሰው፣ ቃሉ የሚላሰውን ማር ይይዛል፤ ይቅር በል የሚለውንም ልመና ይይዛል። ምሕረቱን ለመስማት ማሩን ማቅለጥ አያስፈልግም። ሁለቱም በአንድ ቃል ጸንተው ይኖራሉ።

ይህ መንገድ ለሃይማኖታችንም የቀረበ ነው። ስለ ሥጋዌ ስናስተምር ሥጋ በመለኮት ቀልጦ ጠፋ አንልም፤ ያለ መለወጥ፣ ያለ መጠፋፋት ተዋሐደ እንላለን እንጂ። በእርግጥ ነዳይ በጌታ ስም ሲጠራ እንደ ሥጋዌ ያለ ተዋሕዶ አለ አንልም፤ ይህን የሚል ይስታል። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ አምላክ ራሱ ወደ ሰው በመጣ ጊዜ ሰውነትን ካላጠፋ፣ እኛ በምሳሌያችን የድኃውን ሰውነት የምናጠፋበት ሥልጣን ከወዴት ነው?

ተማሪው ለፋሲካ ተመልሶ መጣ። በገና የተከፋ መስሎን ነበርና፣ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤታችን ሲገባ ደስ አለን። ወደ አዲስ አበባ እንደ ተመለሰ በመጀመሪያው ቅዳሜ ወደ ሽማግሌው ቀርቦ፣ «አባቴ፣ ማን ልበል?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም ስማቸውን ከመናገራቸው በፊት፣ «አንተስ የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ነገራቸው። ከዚያ በኋላ የለበሰውን ጋቢ ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው ጥቂት ዳሰሱት፤ ወደ ብርሃኑም አቀረቡት።

«ማን ፈተለው?»

«እናቴ።»

«የእናትህ ፈትል ደግ ነው። ሸማኔው ግን ቸኩሏል።»

ለካ ዕድሜያቸውን በሽመና ያሳለፉ ሰው ኖረዋል። ልጁ ሁለት ወር እጃቸውን ሲያጥብ፣ በጣታቸው ላይ ያለውን ጠባሳ የእርጅና ምልክት አድርጎ ጽፎት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ በመጣ ቊጥር ስለ ድርና ስለ ማግ ያስተምሩታል፤ ሲሳሳትም ይቈጡታል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ማንነቱን ይረሱታል፤ ያን ጊዜ እንደ አዲስ የማን ልጅ ነህ? ይሉታል፤ እርሱም እንደ አዲስ ይነግራቸዋል። ስማቸውን በዚህ መጽሔት ላይ አንጽፍም፣ ፈቃዳቸውን አልጠየቅንምና፤ በቅዳሴ ጸሎታችን ግን እናነሣቸዋለን።

ደብተሩንም አመጣልን። የፈረሰው ቤተ መቅደስና ዋርካው ተሰርዘዋል፤ ብራናውን ግን ትቶታል፤ እርስዋን ወድዷታል መሰለን፣ እኛም አልነካንበትም። አዲስ ጉባኤ ቃናም ቈጥሯል። ስለ ሽመና የሚናገር ኅብር ነው፤ የሽማግሌው እጅ በመጀመሪያው ቤት እጅ ነው፣ በሁለተኛውም ቤት ያው እጅ ነው። ከፊተኛው ቅኔው ጋር ሲነጻጸር ውበቱ ያንሳል፤ ሁለተኛው ቤት ላይም አንዲት ቃል ረዝማ ዜማውን ታሰናክላለች። እስከ ዳግም ትንሣኤ አስተካክሎ እንዲያመጣት አዝዘነዋል። ስለ ጋቢው የተነገረውን ግን እናቱ እንዳትሰማ መከርነው፤ ሸማኔው ጎረቤቷ ነውና።