ከዐስር እስከ መግሪብ

ውድ እህት ወንድሞቼ፣ የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻ በተለይ ትንንሽ ልጆች ላሏችሁ ነው። ያላገባችሁም አንብቡት፤ የእህት ወይም የጎረቤት ልጅ አይጠፋምና።

ከራሴ ልጀምር። የምንኖረው ሐይቅ ከተማ ነው። ከቤታችን እስከ ውሃው ዳር በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ በእግርም ሩቅ የሚባል አይደለም። ባለፈው በጋ የሦስት ዓመት ልጄ ስልኬ ላይ የሆነ የባሕር ቪዲዮ እያየች «አቢ፣ ይሄ ውሃ የት ነው?» አለችኝ። «ሩቅ አገር ነው፤ ግን እኛም ጋ አለ እኮ» አልኳት። ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነው። ቆጥሬ ሳየው ወደ ሐይቁ ይዣት የሄድኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ እናቷ ጀርባ ላይ ሆና እንቅልፍ ወስዷት ነበር። በዚያው ሳምንት እኔ መድረሳ ውስጥ የሰው ልጅ ሱረቱል ጋሺያን አስቀራለሁ። አላህ ሰዎችን ወደ ግመሏ፣ ወደ ሰማዩ፣ ወደ ተራሮቹና ወደ ምድሪቱ እንዲመለከቱ የሚጠራበት ቦታ ላይ ደርሰን ነበር። ለተማሪዎቼ «ተራራውን እዩ» እያልኩ የራሴን ልጅ ስልክ አስይዤ ቤት ትቻት መምጣቴ ከነከነኝ።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ልማድ ትንሽ ነው። ዐስር ሰግጄ እስከ መግሪብ ካለው ሰዓት ቢያንስ ግማሹን ሰዓት ለእሷ ሰጠሁ። በእኛ አካባቢ ዐስር ወደ 10 ሰዓት ግድም ይሰገዳል፣ መግሪብ ደግሞ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። በመሐል ሁለት ሰዓት የሚበልጥ ጊዜ አለ። ፀሐይዋ ትበርዳለች፣ ከብት ወደ ቤት ይነዳል፣ ጥላ ይረዝማል። ይህን ሰዓት ብዙዎቻችን የምናሳልፈው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እኔ አልናገርም።

ወንድሜ፣ «ሽርሽር» የሚለው ቃል ነው ያበላሸን። ሽርሽር ስንባል አዲስ ልብስ፣ የኮንትራት መኪና፣ የዓሣ ጥብስ፣ ለስላሳ፣ ከዚያ ፎቶ። ገንዘቡ ስለማይገኝ ዒድን እንጠብቃለን፤ ዒድ ሲመጣ ደግሞ እንግዳ ይበዛል። የሁለት ዓመት ልጅ ግን ሎጅ ምን እንደሆነ አያውቅም። እሱን ከበሩ ደፍ እስከ ቦዩ የተሰለፈ ጉንዳን ግማሽ ሰዓት ያስቆመዋል። የሚያስቸግረው የእኛ ችኮላ ነው። እጁን ጎትተን «ና፣ እንሂድ፣ ምን ታያለህ?» እንላለን፤ የወጣነው እኮ እንዲያይ ነው! በልጁ ፍጥነት መሄድ መጀመሪያ ላይ ያሰለቻል፤ አልዋሻችሁም። ስልኬን ቤት ትቼ መውጣት እስክጀምር ድረስ እኔም እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር።

አምስትና ስድስት ዓመት ለሞላው ልጅ ደግሞ አንድ ጨዋታ ልንገራችሁ። መድረሳ የቀራችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ የዐስር ወቅት በፊቅህ የሚታወቀው በጥላ ነው። ፀሐይ ከአናት ስታልፍ የነበረው ትንሽ ጥላ ሳይቆጠር፣ የአንድ ነገር ጥላ ቁመቱን ሲያክል በሻፊዒዮች ዘንድ ዐስር ይገባል፤ በአቡ ሐኒፋ ዘንድ ሁለት እጥፍ ሲሆን። አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ግቢው ውስጥ ትከሉና የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት አድርጉበት። ልጁ በየጊዜው እየሮጠ ሄዶ ይለካዋል። እኔ ይህን በመጽሐፍ ቀርቼው ነበር፤ እንጨት ተክሎ ያሳየኝ ሰው ግን አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼም በስልክ አዛን ነበር የምሰግደው።

የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ሲራ ስንቀራ ከልጅ ጋር የነበራቸውን ጊዜ እንደ ትርፍ ነገር እናልፈዋለን። የአነስ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር አንዲት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ወፏ ሞተችና ልጁ አዘነ። እሳቸው ያን ሁሉ የኡማ ጉዳይ ተሸክመው ሳለ ልጁን በኩንያው እየጠሩ ስለ ወፉ ይጠይቁት ነበር፤ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። ዑለሞች ከዚህች አጭር ሐዲስ ብዙ ሕግጋት አውጥተዋል፤ እኔን ዛሬ የሚገርመኝ ግን ወፏን ማስታወሳቸው ነው። ልጃችሁ ትናንት ያሳያችሁ ነገር ምን ነበር? ሐሰንንም ትከሻቸው ላይ አድርገው ሰው ያያቸው ነበር። እኛ «እሽኮኮ» የምንለው ማለት ነው። አንዳንድ ወንድሞች ልጅ ተሸክሞ በአስፓልት ማለፍ ያሳፍራቸዋል፤ «ሚስቱ የት ሄዳ ነው?» ይባላል ብለው። ይባል።

አሁን ወደ ሰበቦቹ። የመጀመሪያው «ዓይን ይበላዋል» ነው። ዓይን እውነት ነው፤ እንክድም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሐሰንና ሑሰይንን ከክፉ ዓይን በዱዓ አላህን ያስጠብቁላቸው ነበር፤ ቡኻሪ ዘግቦታል። ዱዓውን አድርገው ግን ልጆቹን ቤት አልቆለፉባቸውም። ሁለተኛው «ብርድ ይመታዋል፣ ምች ይመታዋል» ነው። እናቶቻችን ይህን የሚሉት ከእዝነት ነው፣ በአክብሮት ስሟቸው። ነገር ግን ፀሐይ በሞላበት አገራችን አጥንታቸው የሚለሰልስ፣ እግራቸው የሚጎብጥ ሕፃናት አሉ። ሐኪሞች ሪኬትስ ይሉታል። ትልቁ ምክንያት ሕፃኑ ተጠቅልሎ ቤት ውስጥ መዋሉ ነው። ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ፀሐይ ራሷ ስትነካው ነው፤ በወፍራም ልብስ ወይም በተዘጋ መስኮት መስታወት በኩል የመጣ ፀሐይ ያሞቃል እንጂ ይህን ሥራ አይሠራም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «የጠዋት ፀሐይ አሙቂው» የምትለው ለዚህ ነው። እህቴ፣ ሕፃኑን ገለጥ አድርገሽ በረንዳ ላይ ተቀመጪ፤ አንቺም ትሞቂያለሽ።

ዝናብስ? ወሎ ላይ በልግም ክረምትም አለን፤ ዝናብን ሁሉ ከሸሸን የዓመቱን ግማሽ ቤት ነን ማለት ነው። ሙስሊም በዘገበው ከአነስ በመጣ ሐዲስ፣ ዝናብ ሲዘንብ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልብሳቸውን ከገላቸው ገለጥ አድርገው እንዲነካቸው አደረጉ፤ ምክንያቱን ሲጠየቁም ዝናቡ ከጌታው ዘንድ ገና መምጣቱን ነገሯቸው። መብረቅ ከሌለ፣ ልጁ ካላመመው፣ ደረቅ ልብስ ካለው፣ የመጀመሪያው ካፊያ ላይ እጁን ዘርግቶ ይቁም። ጭቃም ይንካ። እኛ በልጅነታችን ከጭቃ በሬ ሠርተን፣ ቀንድ አብጅተን፣ ፀሐይ ላይ አድርቀን ነበር ያደግነው። ሳሙና አለ።

ሐይቁ ዘንድ ስትሄዱ ግን ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሐይቃችን ላዩ የረጋ ነው እንጂ ጥልቅ ነው፤ ወደ 80 ሜትር የሚደርስ ቦታ አለው። ልጅ ዳር ላይ ሲሆን እጁ ከእጃችሁ አይውጣ። ከመስጠም ሌላ ደግሞ የማይታይ ነገር አለ፤ ቢልሃርዝያ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 የታተመ ጥናት ሐይቅ ከተማን የዚህ በሽታ አዲስ መገኛ አድርጎ መዝግቧታል። በሽታው የሚተላለፈው እንዲህ ነው፦ የታመመ ሰው ውሃ ዳር ሲጸዳዳ ከሰገራው ጋር እንቁላል ይወጣል። እንቁላሉ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈልና ዳር ዳሩን በሣርና በቄጤማ መሐል የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ይራባል። ከዚያ ወደ ውሃው ወጥቶ የልጁን እግር ቆዳ በስቶ ይገባል። ልጁ ውሃውን መጠጣት እንኳ አያስፈልገውም፣ መንቦጫረቁ ይበቃል። ስለዚህ ልጆቹ ከደረቁ መሬት ይጫወቱ፣ ጠጠር ይወርውሩ፣ ጀልባ ይቁጠሩ፣ ይብራ ይዩ፤ እግራቸውን ግን አይንከሩ። ቀድሞ የነከረ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስመርምሩት፤ መድኃኒት አለው።

የአቡ ዳዉድን ሐዲስ እዚህ አስታውሱት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ከሚገለገልበት ውሃ አጠገብ፣ መንገድ ላይና ጥላ ሥር መጸዳዳትን የእርግማን ምክንያት ነው ብለው አስጠንቅቀዋል። ስንቀራው የሥነ ሥርዓት ምዕራፍ ይመስለናል፤ ሐይቅ ዳር ቆማችሁ ስታስቡት የልጃችሁ ጉበት ነው። የተማሪዎቼን አባቶች ይህን ስነግራቸው አንዳንዶቹ ዝም አሉ። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ፤ በልጅነታችን ከብት ስንጠብቅ የት ሄደን እንደምንጸዳዳ ማን ይረሳል?

ልጁ ትልቅ ከሆነ ደግሞ የሐይቁን እንቆቅልሽ ጠይቁት። ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ወንዝ ይገባበታል፤ በዓይን የሚታይ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ታዲያ ውሃው የት ይሄዳል? ልጄ «ዓሣው ይጠጣዋል» ብላለች፤ ለጊዜው ትቼያታለሁ። ወደ ፊት ስለ ትነት እነግራታለሁ፣ ከዚያ ስለ ደመና።

ከሐይቁ ወጥቶ በእርሻ ዳር ለሚጓዝም ሁለት ነገር። የወፍ ጎጆ ያገኘ ልጅ ጫጩቶቹን ማውጣት ይፈልጋል። ሶሓባዎች በጉዞ ላይ የአንዲት ወፍ ጫጩቶችን ወስደው እናትየው ስትርገበገብ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲመልሱላት አዘዋል። ሐዲሱን ቤት ውስጥ ከምትነግሩት እዚያው ጎጆው ሥር ንገሩት። ሁለተኛው የሚከብድ ነው። በ2014 ጦርነቱ በዚህ በኩል አልፏል። ልጆቻችን የማያውቁትን ብረት፣ ጥይት የሚመስል ነገር፣ ግማሹ የተቀበረ ቆርቆሮ እንዳይነኩ፣ እንዳይረግጡ፣ ለትልቅ ሰው እንዲናገሩ ደጋግማችሁ አስተምሯቸው። ሰዎች በተደጋጋሚ የማይሄዱበት ዱር ውስጥ አትግቡ። አካባቢው ሰላም ባልሆነበት ቀን ደግሞ ግቢው ይበቃል፤ እንጨቱና ጥላው እዚያም አለ።

ከአምባሰል በኩል፣ ከውጫሌ ገጠር ያላችሁ ደግሞ «የእኛ ልጅ ውጭ ነው የሚውለው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ከከብትና ከበግ ኋላ ይውላል፤ አጋም ለቅሞ ይበላል፤ የተራራውን መንገድ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ነቢያት ሁሉ በግ እንደጠበቁ፣ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) የመካ ሰዎችን በግ እንደጠበቁ ቡኻሪ ዘግቧልና ልጁ ሥራውን አይናቅበት። ነገር ግን የገጠሩ ልጅ የጎደለው ሜዳ አይደለም፤ አብሮት የሚሄድ አባት ነው። በሳምንት አንድ ቀን አብራችሁት ዋሉ። ያን ቀን እሱ መሪ ይሁን፣ እናንተ ተከተሉት።

ወደ ከተማው ልመለስና ስለ እናቶች አንድ ቃል። ተከራይተን የምንኖር ብዙ ነን፤ አከራይ «ልጁ ጮኸ» ይላል፣ ግቢው ጠባብ ነው። ቀኑን ሙሉ እዚያ ውስጥ ከልጅ ጋር የምትውለው እሷ ናት። ወንድሜ፣ ልጁን ይዘህ ስትወጣ አንዳንድ ቀን እሷ ትረፍ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ልጁን አንተ ያዝና እሷ ባዶ እጇን ከጎንህ ትሂድ። ባለቤቴ መጀመሪያ አብራን የወጣች ቀን ሕፃኑን ከእሷ ተቀብዬ ስሸከም «እጄን ምን ላድርገው?» ብላ ሳቀችብኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ እጇ ባዶ ሆኖ አያውቅማ!

መመለሻ ሰዓቱንም ሱናው አስቀምጦልናል። ጨለማ ሲጀምር ልጆችን ሰብስቡ፣ ሸይጣኖች የሚበተኑት ያኔ ነውና ብለዋል ረሱል (ሰ.ዐ.ወ)፤ ከምሽቱ የተወሰነ ጊዜ ካለፈ በኋላ እንድንለቃቸው ፈቅደዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ልጄ አሁን ይህን ከእኔ በላይ ትጠብቃለች። ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስትጠጋ «አቢ፣ እንግባ» የምትለው እሷ ናት። ከዚያ እግር መታጠብ፣ ውዱእ፣ መግሪብ። በጊዜ ትተኛለች፤ ይህ ያልጠበቅነው ኒዕማ ነው።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ከቤታችን ጀርባ አንድ የጉንዳን ጉድጓድ እየተከታተልን ነበር፣ ትናንት ሌሊት ደግሞ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ጠዋት ከእንቅልፏ እንደነቃች የጠየቀችኝ ስለ እነሱ ነው። ዐስርን ሰግደን ሄደን እናያቸዋለን፣ ኢንሻአላህ።