ፕሮግራም ስንሰጥ አብሮ የሚሰጠው

ጉምቦ ውስጥ ኢንተርኔት እየተቆጠበ የሚገዛ ነገር ነው። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ፕሮግራም የሚቀባበሉት በፍላሽ ነው። ቪዲዮ ማጫወቻው ቪኤልሲ እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞሩት አንዱ ነው። ነፃ በመሆኑ ብዙዎች «ግዴታ የለበትም» ይላሉ። እውነት ግዴታ የለበትም? አብረን እንመልከት።

ፕሮግራም ሁለት መልክ አለው። አንዱ ሰው ጽፎ ሰው የሚያነበው ነው፤ ምንጭ ኮድ ይባላል። ሌላው ከዚያ ተዘጋጅቶ ኮምፒውተሩ የሚያስኬደው ነው። ልዩነታቸው እንደ ሊጥና እንጀራ ነው፤ የተጋገረ እንጀራ ወደ ሊጥነት አይመለስም። ጎረቤቷ ራሷ እንድትጋግር የምትፈልግ እናት እርሾ ጨምራ ትሰጣለች።

ቪኤልሲን በ1996 እ.ኤ.አ. የጀመሩት የፓሪስ ተማሪዎች ነበሩ፤ ከ2001 ወዲህ ጂፒኤል በተባለ ፈቃድ ይሰራጫል። ሊኑክስም የሚሰራጨው በጂፒኤል ነው። ፕሮግራሙን ለራሳችን ብንጠቀምበት ወይም ብናሻሽለው የምንጭ ኮድ ግዴታ የለብንም። ለሌላ ሰው ስንሰጥ ግን፦

1. የፈቃዱን ጽሑፍ አብረን እንሰጣለን፤ የባለመብቶቹንም ስም አናጠፋም።

2. ምንጭ ኮዱን አብረን እንሰጣለን፤ ካልሆነም ለሚጠይቅ ለመስጠት ቢያንስ ለ3 ዓመት የሚጸና የጽሑፍ ቃል እንገባለን። «ኢንተርኔት ላይ አለ» ብሎ በአፍ መናገር ብቻ አይበቃም።

3. የቀየርነው ካለ መቀየሩንና ቀኑን እንጽፋለን፤ የተቀየረውንም ምንጭ በዚያው ፈቃድ እንሰጣለን።

መሸጥ አይከለከልም፤ ምንጩን መደበቅ ግን ይከለከላል። በ2004 እ.ኤ.አ. የሙኒክ ፍርድ ቤት ሳይትኮም የተባለውን ድርጅት ያገደው እነዚህን ግዴታዎች ሳያሟላ የሊኑክስን ክፍል ስላሰራጨ ነው። ሁሉም ፈቃድ ግን አንድ አይደለም። ለምሳሌ ኤምአይቲ የተባለው የባለመብቱን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ ማስቀመጥ ብቻ ይጠይቃል። ስለዚህ ከመቅዳታችን በፊት ፈቃዱን እናንብብ።

ጥቅሙ ለእኛም ደርሶናል። በ2002 እ.ኤ.አ. የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ኖም የተባለውን የሊኑክስ ገጽታ ወደ አማርኛ ሲተረጉም ምንጩ ክፍት ስለነበር የማንንም ደጅ መጥናት አላስፈለገውም። በ2008 በኢትዮጵያ ለሕፃናት የታደለው ኤክስኦ ላፕቶፕም በሊኑክስ የሚሠራ ሲሆን፣ ኪቦርዱ ላይ ምንጭ ኮድ ለማየት የተመደበ ቁልፍ ነበረው። አሳቢዎቹ ልጅ የሚጠቀምበትን ነገር ከፍቶ እንዲያይ ፈልገው ነው።

ስለዚህ በኮምፒውተር ክፍላችን ለልጆቻችን በምንሰጠው ፍላሽ ላይ «ምንጭ» የሚል ፎልደር ይኖራል። ልጆቻችን ነገ ካምፓላም ይሂዱ አዲስ አበባ፣ የተሰጣቸውን ማየት፣ መጠገንና በቋንቋቸው ማዘጋጀት የሚችሉት ምንጩ አብሯቸው ሲሄድ ነው። ወላጆችም ልጆቻችሁ ፎልደሩን እንዳያጠፉት ብትነግሩልን እናመሰግናለን።

መልመጃ፦ አንድ ባለ ሱቅ ቪኤልሲን ፍላሽ ላይ ጭኖ ይሸጣል። ከፍላሹ ጋር ለገዢው ምን መስጠት አለበት? ገዢውስ ለጓደኛው ሲቀዳለት?