ድምፅ አልባ ጎማዎች፦ መንገዱን ከብስክሌት፣ ከአውቶቡስና ከቀላል ባቡር ጋር እንዴት እንጋራ?

በጎንደርና በትግራይ ገጠር ያደገ ሰው መኪና መምጣቱን የሚያውቀው በጆሮው ነበር። መኪናው ገና ከዳገቱ ማዶ ሳለ ጉርምርምታው ይሰማል፣ አቧራው ይታያል፤ አህያውን ከመንገድ ለማውጣት ጊዜ ይተርፋል። ዛሬ በነታንያ፣ በረሖቮት ወይም በአሽዶድ ጎዳና ላይ ያ ጆሮ ብቻውን አያድንም። የኤሌክትሪክ ብስክሌቱ፣ ቆመው የሚነዱት ኮርኪኔት፣ የኤሌክትሪክ መኪናው፣ አሁን አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ አውቶቡሱም ሳይሰሙ አጠገባችን ይደርሳሉ። ብዙ እናቶችና አባቶች ግን አሁንም መንገድ የሚሻገሩት በጆሯቸው ነው። ድምፅ ካልሰሙ መንገዱ ባዶ ነው ብለው እግራቸውን ያነሳሉ።

መንገድ በዓይን ይሻገሩታል። እስራኤል ውስጥ ተሽከርካሪ የሚሄደው በቀኝ በኩል ስለሆነ ከእግረኛ መንገድ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚቀርብዎት ከግራ የሚመጣው ነው። ግራ ይዩ፣ ቀኝ ይዩ፣ እንደገና ግራ ይዩ። አንድ አቅጣጫ ብቻ በሆነ መንገድ ላይም ሁለቱንም ወገን ይዩ፤ ብስክሌትና ኮርኪኔት በተቃራኒ አቅጣጫ ሲመጡ በየቀኑ እናያለን። በአንዳንድ ከተሞች ደግሞ የአውቶቡስ መስመሩ መንገዱ መሀል ላይ ስለሆነ አውቶቡሱ ካልጠበቁት ወገን ይመጣል።

መኪናው ሩቅ ነው የሚለው ግምትም ያታልላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ጉልበታቸው የደከመ እናት በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር ቢራመዱ ነው። 7 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ ለመሻገር 7 ሴኮንድ ሲፈጅባቸው መኪናው በዚያው ጊዜ 100 ሜትር ያህል መጥቷል። ሹፌሩ ዜብራው ላይ ለእግረኛ የማቆም ግዴታ አለበት፣ ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። ቢሆንም ሕጉ ፍሬን አይረግጥም። ሹፌሩ ፍጥነቱን መቀነሱን ወይም ዓይን ለዓይን ተያይታችሁ መቆሙን ሳያረጋግጡ ወደ አስፋልቱ አይውረዱ። ባለ ሁለት መስመር መንገድ ላይ ደግሞ አንደኛው መኪና ቢቆምልዎትም ከጎኑ ያለው መኪና ላያይዎት ይችላል፤ የቆመውን መኪና አልፈው ከመሄድዎ በፊት ቆም ብለው አንገትዎን ወጣ አድርገው ይመልከቱ።

አንድ ሌላ የሚያሳስት ነገር የትራፊክ መብራቱ፣ ራምዞሩ፣ ነው። በሰፋፊ መንገዶች ላይ መሀል ላይ መቆሚያ ደሴት አለ፣ ለእያንዳንዱ ግማሽም የራሱ የእግረኛ መብራት አለው። ከማዶ ያለው አረንጓዴ ሲበራ አይተው ይነሳሉ፣ ለእርስዎ ግማሽ ግን ገና ቀይ ነው። ምንጊዜም የሚያዩት የቅርቡን መብራት ይሁን፤ ደሴቱ ላይ ሲደርሱ ቆመው ሁለተኛውን ይጠብቁ። ወደ ቀኝ ለሚታጠፉ መኪናዎች የተለየች አጭር መታጠፊያ ያለችበት ቦታም እንዲሁ ነው፦ ዜብራ አለ፣ መብራት ግን ብዙ ጊዜ የለም፣ ሹፌሩም ዓይኑ የሚያየው ከግራ ወደሚመጡት መኪናዎች ነው።

ትልልቆቹ ተሽከርካሪዎች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ከአውቶቡስ ሲወርዱ ከፊቱ ዞረው አይሻገሩ። አውቶቡሱ እርስዎን ይሸፍንዎታል፣ ከኋላው ቀድሞት የሚያልፈው ሹፌር የሚያይዎት መሀል መንገድ ላይ ሲደርሱ ነው። አውቶቡሱ ይሂድ፤ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በስግድ በዓል ዕለት በኢየሩሳሌም አርሞን ሀነጺቭ አካባቢ አውቶቡሶች ተደርድረው ሲቆሙ ሽማግሌዎችና ሕፃናት በሁለት አውቶቡሶች መካከል እየሾለኩ ሲወጡ የሚያሳስበንም ለዚህ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ደግሞ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ከመኪናው አፍንጫ ሥር፣ ከቀኝ ጎኑና ከኋላው ያለውን ሰው አያይም። ቀላል መለኪያው ይህ ነው፦ እርስዎ የሹፌሩን ፊት በመስታወቱ ውስጥ ካላዩት እሱም አላየዎትም።

ቀላል ባቡሩ በኢየሩሳሌም ከ2011 ጀምሮ፣ በቴል አቪቭ አካባቢ ደግሞ ከኦገስት 2023 ጀምሮ ከፔታሕ ቲክቫ እስከ ባት ያም ይሠራል። ባቡር መሪ ስለሌለው ወደ ጎን ዞሮ አያልፍዎትም፣ ሲያቆምም ከመኪና የበለጠ ርቀት ይፈልጋል። አንድ ባቡር ካለፈ በኋላ ወዲያው አይሻገሩ፤ ሁለተኛው ከተቃራኒ አቅጣጫ ከጀርባው ተከልሎ ሊመጣ ይችላል። በሰንበት ስለማይሄድ ልጆች ሐዲዱን እንደ ሜዳ መቁጠር ይለምዳሉ፣ ሰንበት ሲወጣ ግን ይመለሳል።

ለባር ሚጽዋ የተገዛው ብስክሌት

አያቶችና አጎቶች ገንዘብ አዋጥተው ለ13 ዓመቱ ልጅ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሲገዙ እናያለን። ፍቅሩ ትልቅ ነው፣ ሕጉ ግን የኤሌክትሪክ ብስክሌትም ሆነ ኮርኪኔት ለመንዳት 16 ዓመት መሙላት አለበት ይላል። ሦስት ዓመት ይቀራል ማለት ነው። 16 የሞላውም ልጅ ቢሆን የመኪና መንጃ ፈቃድ ከሌለው የንድፈ ሐሳብ ትምህርት ተምሮና ተፈትኖ ለዚሁ የሚሰጠውን ፈቃድ መያዝ አለበት። ሄልሜት፣ ማለትም ቃስዳ፣ በማንኛውም ዕድሜ ግዴታ ነው። በእግረኛ መንገድ ላይ መንዳት ክልክል ነው፣ ለብስክሌት ተለይቶ ቀለም የተቀባ መስመር ካልሆነ በቀር። በኮርኪኔት ሁለት ሆኖ መሄድም ክልክል ነው።

ሻጩን የሚጠይቁት ሁለት ቁጥር ይኑርዎት፦ 250 ዋት እና 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ከዚያ በላይ ኃይል ያለው፣ ወይም ሱቁ ውስጥ «እንከፍትልሃለን» ተብሎ ፍጥነቱ የተጨመረለት ብስክሌት በሕግ ፊት ብስክሌት መሆኑ ያበቃል፤ ልጁ ያለ መንጃ ፈቃድና ያለ ኢንሹራንስ ሞተር እንደሚነዳ ሰው ሊቆጠር ይችላል። ሻጩ ይህን ሲነግርዎት እንደ ስጦታ አድርጎ ነው። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለውን ሱቅ ጥሎ መውጣት ይሻላል። ባትሪውንም የሚሞሉት በራሱ ቻርጀር፣ ሰው ባለበት ሰዓት ይሁን፤ ሌሊት ተኝተው ሳለ፣ በተለይ ከመውጫው በር አጠገብ፣ አይሙሉት።

ትንንሾቹን በተመለከተ፣ ዕድሜው 9 ዓመት ያልሞላ ልጅ ብቻውን መንገድ መሻገር የለበትም፤ በእስራኤል የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን ለዓመታት ሲያስተምረው የኖረው ይህን ነው። ልጁ ጎበዝ ስላልሆነ አይደለም። የመኪናን ፍጥነትና ርቀት አዛምዶ መገመት ገና አልቻለም፣ ቁመቱም ከቆሙት መኪናዎች በታች ነው። ታላቅ እህቱ 8 ዓመቷ ከሆነ እሷም ታናሿን ልታሻግር አትችልም። ቤታችን ውስጥ ኃላፊነትን ለልጅ ቶሎ መስጠት የተለመደ ነው፣ በሌላ ነገር ጥሩ ልማድ ነው፣ በመንገድ ጉዳይ ግን አይሠራም።

መኪና የምትነዱ ደግሞ፦ ከግቢ ወደ ኋላ ከመውጣታችሁ በፊት መኪናውን አንድ ጊዜ ዞራችሁ እዩ፤ ሕፃን ከኋላ ተቀምጦ ሲጫወት በመስታወት አይታይም። ከቆመ መኪና ስትወርዱ በሩን ከበሩ በሚርቀው እጃችሁ ክፈቱ። ሹፌር በቀኝ እጁ፣ ከጎኑ የተቀመጠው በግራ እጁ ሲከፍት ሰውነቱ ስለሚዞር ከኋላ የሚመጣውን ብስክሌት ያያል።

ማለዳ የሚወጡ ሠራተኞች

ጧት በ5 ሰዓት ገና ሳይነጋ የሀሳዓውን መኪና የሚጠብቁ እናቶች ብዙ ናቸው። በክረምት ጠቆር ያለ ካፖርት ለብሶ ከመንገዱ ጠርዝ መቆም ከሹፌር ዓይን መሰወር ነው። ነጠላ ከጥቁር ካፖርት ይሻላል፣ ከነጠላም ግን የሚያብረቀርቀው ቢጫ ሰደርያ ይሻላል። ሰደርያው ርካሽ ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። መኪናው ከማዶ ቆሞ ሹፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ ሮጦ መሻገር ይቅር። ይጠብቃል፤ የማይጠብቅም ከሆነ በእርስዎ ወገን እንዲያቆም አሠሪውን ይጠይቁ፣ ተገቢ ጥያቄ ነው።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ነገር ልናገር። አንዲት እናት በእግረኛ መንገድ ላይ በብስክሌት ትገጫለች። ትነሳለች፣ ልብሷን ታራግፋለች፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፣ ሂድ ልጄ» ትላለች። ልጁ ይሄዳል። ማታ ዳሌዋ ያብጣል፣ በማግሥቱ መቆም ያቅታታል፣ ማን እንደገጫት ግን የሚያውቅ የለም። ይሉኝታ እዚህ ላይ ውድ ዋጋ ያስከፍላል። የገጨዎትን ሰው ስም፣ የተዑዳት ዜሁት ቁጥርና ስልክ ይጠይቁ፤ ያየ ሰው ካለ የእሱንም። የኤሌክትሪክ ብስክሌት እንደ መኪና የግዴታ ኢንሹራንስ ስለሌለው ይህ መረጃ ይበልጥ ያስፈልጋል። የገጨዎት መኪና ከሆነ ግን በ1975 በወጣው የመንገድ አደጋ ተጎጂዎች ካሳ ሕግ መሠረት ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሳይጣራ ከመኪናው የግዴታ ኢንሹራንስ ካሳ ይጠየቃል፤ ለዚህ የሰሌዳ ቁጥሩና የፖሊስ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። አምቡላንስ 101፣ ፖሊስ 100 ነው።

በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ሲሄዱም «እግሬን አመመኝ» ብቻ አይበሉ። «ወደ ሥራ ስሄድ ብስክሌት ገጨኝ» ብለው እንዲጻፍ ያድርጉ። ከቤት ወደ ሥራ ወይም ከሥራ ወደ ቤት ሲሄዱ የደረሰ አደጋ በቢቱዋሕ ለኡሚ ዘንድ እንደ ሥራ አደጋ ይቆጠራል፣ በእግር ቢሄዱም። ልጅን ወደ ጋን ለማድረስ ወይም በለመዱት ምኩራብ ከማኅበር ጋር ለመጸለይ ከመንገድ ወጣ ማለት መብቱን አያሳጣም። ገበያ ለመሸመት ዞር ማለት ግን ሊያሳጣ ይችላል።

ብዙዎች ይህን ባለማወቅ ከሕመም ፈቃዳቸው ቀን ይጠቀማሉ። በሕመም ፈቃድ ሕግ የመጀመሪያው ቀን አይከፈልም፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግማሽ ነው፣ ያጠራቀሙት ቀንም ያልቃል። የሥራ አደጋ ተብሎ ከታወቀ ግን የጉዳት ክፍያው ከደመወዙ 75 በመቶ ሆኖ እስከ 91 ቀን ሊከፈል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀር ጉዳት ካለም የአካል ጉዳት ጥያቄ ለማቅረብ መሠረት ይሆናል። አሠሪው ቅጽ 250 ሞልቶ ይሰጥዎታል፤ እሱን ለኩፓት ሖሊም ያቀርባሉ፤ ከዚያ ቅጽ 211 ለቢቱዋሕ ለኡሚ ይገባል። ጥያቄው አደጋው ከደረሰ በ12 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። የማይሠሩና ጡረታ ያልደረሱ፣ የቤት እመቤቶችንም ጨምሮ፣ በአደጋው ምክንያት መንቀሳቀስና መሥራት ጨርሶ ካቃታቸው «ድሜ ተኡና» የሚባል ክፍያ አለ፤ ለእሱ ግን በ72 ሰዓት ውስጥ በሐኪም መታየት፣ ጥያቄውንም በ90 ቀን ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። የቢቱዋሕ ለኡሚ ስልክ ኮከብ 6050 ነው። ቅጹን ለመሙላት ዕብራይስጡ ከከበደዎት ልጅዎን ወይም የሰፈሩን የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ይጠይቁ፣ የሐኪሙን ወረቀት ግን ዋናውን አይስጡ፤ ቅጂውን ይስጡና ዋናውን ቤት ያስቀምጡ።