በአሮጌ ስልክ የቀረ ድምፅ፦ ቅጂውን ሳይጎዱ ቅርጸቱን መለወጥ

ሬድውድ ሲቲ፣ ካሊፎርኒያ — በውጭ አገር የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የወላጅ ምርቃትን፣ የአያት ተረትን ወይም በሞት የተለየ ዘመድ ድምፅን በአሮጌ ተንቀሳቃሽ ስልክ ውስጥ አኑረዋል። ፋይሉ ወደ አዲስ ስልክ ሲዛወር አልከፈት ሊል ይችላል። ይህ ሲሆን ብዙ ጊዜ የጠፋው ድምፁ ሳይሆን የተጻፈበትን ቅርጸት የሚያነብ መተግበሪያ ነው።

ቅርጸት ምንድን ነው?

ስልክ የአየሩን ንዝረት በየሰከንዱ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጣል። ቅርጸት የሚባለው እነዚህ ቁጥሮች ተጨምቀው የሚቀመጡበት ሥርዓት ነው። በርካታ የቀድሞ ስልኮች የተጠቀሙበት ኤኤምአር እ.ኤ.አ. በ1999 ለስልክ ጥሪ የጸደቀ ሲሆን፣ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ብቻ ይለካል። ስለዚህ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ አይዝም። «ሰ»ን ከ«ፈ» ለመለየት የሚረዳው ድምፅ በአብዛኛው ከዚህ ወሰን በላይ በመሆኑ፣ በአሮጌ ቅጂዎች ሁለቱ ይምታታሉ።

መለወጥ ጥራት አይጨምርም

የአንድ ደቂቃ ኤኤምአር ቅጂ በከፍተኛ ደረጃው 96 ኪሎባይት ገደማ ነው። ያልተጨመቀ ዌቭ ሲሆን 960 ኪሎባይት ይደርሳል። ፋይሉ አሥር እጥፍ ቢያድግም አዲስ ድምፅ አልተጨመረበትም፤ እንስራው ቢሰፋ ውኃው አይበዛም።

በአንጻሩ መጉዳት ይቻላል። ለብዙ ዓመታት መቀመጫውን በሬድውድ ሲቲ ያደረገው አምፔክስ ኩባንያ ባስፋፋው የማግኔት ቴፕ ዘመን፣ ከቅጂ ላይ ሌላ ቅጂ በተወሰደ ቁጥር ሹክሹክታ መሰል ጫጫታ ይጨምር ነበር። ዛሬም ድምፅን ከኤኤምአር ወደ ኤምፒ3፣ ከዚያም ወደ ሌላ ጨማቂ ቅርጸት ደጋግሞ ማዛወር በየእርምጃው ጥቂት ዝርዝር ያስቀራል።

ምን እናድርግ?

1. ዋናውን ፋይል ሳይነኩ ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ፤ አንድ ተጨማሪ ቅጂም በሌላ ስፍራ ያስቀምጡ።
2. የፋይሉን ስም ቅጥያ መቀየር ልወጣ አይደለም፤ የውስጡ ይዘት እንደነበረ ይቀራል።
3. ፋይሉን በነጻ በሚገኘው ቪኤልሲ ይክፈቱ። ለማኖር ወደ ዌቭ፣ ለዘመድ ለመላክ ወደ ኤምፒ3 ይለውጡ። ሁለቱንም ከዋናው ፋይል ያውጡ እንጂ አንዱን ከሌላው አያውጡ።
4. የግል ምስጢር ያለበትን ድምፅ በኢንተርኔት ለሚለውጡ ድረ ገጾች አይስጡ፤ ፋይሉ በሌሎች ኮምፒውተር ላይ ያርፋልና።
5. አዲሱን ቅጂ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዳምጡ፤ የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን በፋይሉ ስም ላይ ይጻፉ።

የአዲሱ ቅጂ መከፈት ዋናውን ለመሰረዝ ምክንያት አይሆንም። የተሻለ የልወጣ መሣሪያ ነገ ቢመጣ ሥራውን የሚጀምረው ከዚያው ከመጀመሪያው ፋይል ነው።